የታወከ ሕፃንና መምህሩ

በፓሪስ ከተማ በሳን ዣክ ጎዳና፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች በተቋቋመው የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ዣን ኢታር የተባሉ አንድ ወጣት ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ መናገር ከማይችል ልጅ ጋር በየዕለቱ ይታገሉ ነበር። ልጁ በ1800 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ፈረንሳይ በአቬሮን አውራጃ ከዱር ወጥቶ የተያዘ፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ ያልታወቀ፣ ዕድሜው 12 ዓመት ገደማ የተገመተ ሲሆን፣ ቪክቶር ብለው ስም ያወጡለትም እኚሁ ሐኪም ነበሩ። ትምህርቱ ፊደልን ከፊደል፣ ሥዕልን ከዕቃ ጋር ማዛመድ ነበር። ነገሩ ቀላል በሆነለት ጊዜ ልጁ በጸጥታ ይሠራል፤ ከዐቅሙ ያለፈ እንደ ሆነ ግን ካርዶቹን ይበትናል፣ አንሶላውን ይነክሳል፣ ከምድጃው ፍሙንና አመዱን እያፈሰ በክፍሉ ይረጫል፣ በመጨረሻም መሬት ላይ ወድቆ ይንፈራገጣል።

ኢታር ይህ ነገር ልማድ ሆኖ እንዳይቀር ሰጉ። ልጁ ከከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ማየትን አጥብቆ እንደሚፈራ ያውቁ ስለ ነበር፣ አንድ ቀን ሁከቱ ሲጀምረው የአራተኛውን ፎቅ መስኮት በኃይል ከፍተው፣ የተቆጣ ሰው ፊት አሳይተው፣ ልጁን በወገቡ ይዘው ከመስኮቱ ውጭ ራሱን ወደ ታች፣ ወደ ድንጋዩ ዘቅዝቀው አንጠለጠሉት። ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ሲመልሱት ፊቱ ገርጥቶ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጥምቆት፣ ይንቀጠቀጥ ነበር። ካርዶቹን እንዲለቅም አደረጉት፤ ለቀመ። በየቦታቸው እንዲመልስ አደረጉት፤ ቀስ እያለና እየተሳሳተ መለሰ። ከዚያ በኋላ አልጋው ላይ ተደፍቶ ብዙ አለቀሰ።

ይህን የጻፉት ጠላቶቻቸው ሳይሆኑ ራሳቸው ኢታር ናቸው። ጨካኝ ሰው አልነበሩም፤ በ1801ና በ1806 ያዘጋጇቸው ሁለት ዘገባዎች፣ ከዚያ ወዲህ በአእምሮ እድገት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕፃናት ለተሠራው ትምህርት ሁሉ መሠረት ሆነዋል፤ ደቀ መዝሙራቸው ኤዱዋር ሴገን፣ ከሴገንም በኋላ ኢጣሊያዊቷ ማሪያ ሞንቴሶሪ የቀዱት ከዚሁ ምንጭ ነው። ቢሆንም የመስኮቱን ነገር የተረኩት እንደ ድል ነው። ሁከቱ ቆሟል፣ ትምህርቱ ቀጥሏል፣ እንግዲህ ዘዴው ሠርቷል ማለት ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ የታወከን ሕፃን በክፍል ውስጥ ስለ ማረጋጋት የተጻፈውን የተመለከተ ሰው፣ ክርክሩ ሁሉ ከዚህ ከአንድ ነገር እንደማይወጣ ይረዳል፤ በፍርሃት ዝም ያለ ልጅ ተረጋጋ ይባላልን?

ለዚህ ጥያቄ ኢታር ራሳቸው፣ ለሌላ ነገር ሲሉ ባደረጉት ፈተና፣ የመልሱን ግማሽ አግኝተው ነበር። ልጁ ትምህርቱን በሚገባ ፈጽሞ ምስጋና በሚጠብቅበት ሰዓት፣ ሆን ብለው ያለ ጥፋቱ ሊቀጡት፣ እየጎተቱ ወደ ጨለማ ክፍል ወሰዱት። በሌላ ጊዜ ጥፋቱን ዐውቆ ቅጣቱን በትሕትና ይቀበል የነበረው ቪክቶር፣ በዚያን ቀን ባለ በሌለ ኃይሉ ተቃወማቸው፤ እጃቸውንም ነክሶ የጥርሱን ምልክት ተወባቸው። ሐኪሙ ሕመሙን ረስተው ተደሰቱ፤ ንክሻው ልጁ ጽድቅን ከዐመፅ የሚለይ ልቡና እንዳለው የሚመሰክር ነው ብለው ጻፉ። ምንም እንኳ ያን ንክሻ እንደ ንግግር ማንበብ ቢችሉም፣ ካርዶቹ በተበተኑና ፍሙ በተረጨ ጊዜ ያው ልጅ ምን እያላቸው እንደ ነበር ለመጠየቅ አልደረሱም። የሰው ልጅ አንዱን ገጽ አንብቦ ሁለተኛውን ሳያነብ መጽሐፉን የሚዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቪክቶር ታሪክ ሲነገር ስማቸው በአንድ መስመር የሚታለፍ አንዲት ሴት አሉ። ወይዘሮ ጌራን መንግሥት ልጁን እንዲንከባከቡ የቀጠራቸው ሞግዚት ነበሩ፤ ያበሉታል፣ ያጥቡታል፣ ወደ ሉክሳምቡር የአትክልት ቦታ ይዘውት ይወጣሉ። ልጁ ከሐኪሙ ይልቅ ወደ እርሳቸው ያዘነበለ መሆኑን ኢታር አልደበቁም፤ ምክንያቱንም ተረድተውታል፤ የወይዘሮዋ ሥራ ሁሉ ለልጁ ወዲያው የሚገባ ምቾት ሲሆን የሐኪሙ ግን ጥቅሙ ገና ወደ ፊት የሚታይ ድካም ነበርና። ኢታር ሙከራቸውን ካቆሙ በኋላ መንግሥት በዓመት 150 ፍራንክ እየከፈላቸው ልጁ ከእርሳቸው ጋር ኖረ፤ በ1828 እስኪሞትም ድረስ ከእርሳቸው አልተለየም። ወይዘሮ ጌራን ዘገባ አልጻፉም። ስለዚህ የታወከውን ልጅ ማታ ማታ ምን ብለው እንዳስተኙት የምናውቅበት መንገድ የለንም፤ ታሪክ ብዕር የያዘውን ሰው ይከተላል።

ቪክቶር ዛሬ ኦቲዝም ብለን የምንጠራው ጠባይዕ ነበረበትን? በለንደን የኖሩት የሥነ ልቡና ሊቅ ኡታ ፍሪት ነበረበት ይላሉ፤ የቪክቶርን ታሪክ በሰፊው የጻፉት አሜሪካዊው ሃርላን ሌን ደግሞ ያን አይቀበሉም። ይህን ክርክር ለሊቃውንቱ ትተን እንለፍ።

ኦቲዝም የሚለው ስም በሕፃናት ላይ ጸንቶ የተሰጠው ከ100 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በሞስኮ ግሩንያ ሱኻሬቫ የተባሉ ሴት ሐኪም በ1925 ስድስት ወንዶች ልጆችን ገልጸው ነበር፤ ጽሑፋቸው ግን ለብዙ ዘመን ተዘነጋ። በ1943 በባልቲሞር በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የሚሠሩት ሊዮ ካነር የ11 ሕፃናትን ነገር ዘርዝረው ሲያወጡ ግን ዓለም ሰማ። የካነር ጽሑፍ ለመምህር የሚጠቅመው ክፍል፣ ልጆቹ የሚታወኩት በከንቱ አለመሆኑን ያሳየበት ነው። የዕለቱ ሥርዓት ቢለወጥ፣ የቤቱ ዕቃ ከቦታው ቢነሣ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል የሚሠራ ነገር ቅደም ተከተሉ ቢዛባ፣ ልጁ በተስፋ መቁረጥ ይጮኻል፤ የአቧራ መጥረጊያ መኪና፣ አሳንሰር፣ የሚፈስ ውኃ፣ የእንቁላል መምቻ፣ አንዳንድ ጊዜም የነፋስ ድምፅ ሳይቀር ታላቅ ድንጋጤ ያመጣበታል። ሌላው ሰው ከጆሮው የማያስገባው ነገር ለዚህ ልጅ መከራ ነው። ካነር ይህን ጻፉ እንጂ ስለ መፍትሔው ብዙ አላሉም።

መፍትሔውን፣ እንደ እኔ ግምት ካነር ካዩት ሁሉ የላቀውን፣ ያገኙት ሁለት ተራ ገበሬዎች ናቸው። ከ11ዱ ሕፃናት የመጀመሪያው፣ በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር ፎረስት ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣው ዶናልድ ትሪፕሌት፣ በልጅነቱ ከከተማው ጥቂት ራቅ ብለው ከሚኖሩ ባልና ሚስት ገበሬዎች ዘንድ እንዲቀመጥ ተደረገ። ካነር በ1945 ሊጠይቁት ሄደው ያዩትን ጽፈዋል። ልጁ ሁሉን ነገር ካልለካሁ ይላል፤ ገበሬዎቹ ጕድጓድ እንዲቆፍርና ጥልቀቱን እየለካ እንዲነግራቸው አደረጉት። የሞቱ ወፎችንና ነፍሳትን እየለቀመ ይሰበስባል፤ አጥር ሥር ትንሽ ቦታ ሰጥተው መቃብር እንዲያበጅላቸው ፈቀዱለት፤ እርሱም በየመቃብሩ ላይ ምልክት አቆመ፤ ለያንዳንዱ ፍጡር ስም አወጣ፣ የአባት ስማቸውንም የገበሬውን ቤተ ሰብ ስም አደረገው። የበቆሎውን ትልም ደግሞ ደጋግሞ ይቈጥራል፤ እንግዲያው እያረስህ ቍጠር አሉት። ካነር በቆሙበት ስድስት ረዣዥም ትልም በፈረስ አረሰ፤ በየትልሙ ጫፍ ፈረሱን ሲያዞር የነበረውን ብልኀትም ሐኪሙ አድንቀው ጽፈዋል። ልጁ በገጠሩ ትምህርት ቤት ይማር ነበር፤ እዚያም ልዩ ጠባዩን ችለውት ነበር። ዶናልድ ባንክ ውስጥ ሠርቶ፣ መኪና ነድቶ፣ ብዙ አገር ዞሮ፣ በ2023 በ89 ዓመቱ ዐረፈ።

በዚህ የእርሻ ታሪክ ውስጥ ለሁከት የተሰጠ መድኃኒት የለም፤ ሁከት የሚነሣበት ምክንያት ግን አንድ በአንድ ተነቅሏል። ልጁን ከልማዱ ጋር ከማዋጋት ይልቅ ልማዱን ሥራ አደረጉለት። ይህን የመሰለ ማስተዋል በዩኒቨርሲቲ መጻሕፍት ውስጥ ለመግባት ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል ወሰደ።

በዚያው ዘመን በቪየና ሐንስ አስፐርገር ተመሳሳይ ልጆችን ያስተምሩና ያክሙ ነበር፤ በ1944 ባወጡት ድርሳን ውስጥ ለመምህራን የሰጡት ምክር ዛሬም የሚነበብ ነው። የእነዚህ ልጆች መምህር ስሜቱን ገትቶ ይቅረብ፤ አይቆጣ፣ ለመወደድም አይጣር፤ ትእዛዙንም «እኔ እፈልጋለሁ» ብሎ ሳይሆን ለሁሉ ሰው እንደ ተሠራ ሕግ አድርጎ፣ በለሰለሰ ድምፅ ይናገር ይላሉ። የመምህሩ ቁጣ በልጁ ሁከት ላይ የሚጨመር ማገዶ መሆኑን ከእርሳቸው በፊት እንዲህ ጥርት አድርጎ የጻፈ አላውቅም። ነገር ግን የታሪክ ተመራማሪው ሄርቪግ ቼክ በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ እኚሁ ሐኪም በናዚ ዘመን አንዳንድ ሕፃናትን አም ሽፒግልግሩንድ ወደ ተባለው የቪየና የሕፃናት ክሊኒክ መላካቸው በሰነድ ተገልጧል፤ በዚያ ቤት ወደ 800 የሚጠጉ ሕፃናት ሞተዋል። ምክሩ እውነት ነው፤ የመካሪውም እጅ ንጹሕ አልነበረም። ሁለቱን አብሮ መያዝ ያስጨንቃል፣ ግን አንዱን ለመጣል ሥልጣን የለንም።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ዘመን ለእነዚህ ልጆች ክፉ ዘመን ነበር። በቺካጎ ኦርቶጀኒክ በሚባለው ትምህርት ቤት ላይ ከ1944 ጀምሮ የተሾሙት ብሩኖ ቤተልሃይም፣ ራሳቸው ከዳካውና ከቡኸንቫልድ የእስር ሰፈር የወጡ ሰው ሲሆኑ፣ የሕፃኑን ሁኔታ ከእስረኛው ሁኔታ ጋር አመሳስለው፣ የእስር ሰፈሩን አዛዥ ቦታ ለእናት ሰጧት። በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ ትምህርት ተስፋፋ፤ ስንት እናት በልጇ ጩኸት ላይ የራሷን ኵነኔ ጨምራ እንደ ተሸከመች እግዚአብሔር ይወቀው። ሰውየው በ1990 ከሞቱ በኋላ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንዳንዶቹ ይመቱን ነበር ብለው በአደባባይ መስክረዋል። የእናቶችን በደለኛነት በ1964 በመጽሐፍ ያፈረሱት በርናርድ ሪምላንድ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበሩ።

በምዕራቡ ዳርቻ፣ በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ፣ ከኖርዌይ የመጡት ኢቫር ሎቫስ ፈጽሞ በተለየ መንገድ ሄዱ። የልጁ ውስጥ አያገባኝም፤ የሚታየው ሥራ ብቻ ይበቃኛል፤ መልካም ሲሠራ ይሸለም፣ ሲያጠፋ ይቀጣ አሉ። በ1965 ላይፍ የተባለው መጽሔት በጥፊና በጩኸት የሚሰጠውን ትምህርታቸውን በፎቶግራፍ አውጥቶ ለአሜሪካ ሕዝብ አሳየ። በዚያው ዓመት በወጣ አንድ ጥናታቸው፣ የአምስት ዓመት መንትዮች ኤሌክትሪክ በሚተላለፍበት ወለል ላይ ባዶ እግራቸውን ቆመው፣ ከንዝረቱ ለማምለጥ ወደ ሰው መሮጥን እንዲማሩ ተደርጓል። የኢታር መስኮት በኤሌክትሪክ ገመድ ተተካ ማለት ነው። ፍትሕን ለማስተካከል ያህል፣ ሎቫስ ሌሎች ሰዎች አይማሩም ብለው የተዉአቸውን ልጆች እንዲናገሩ ያስተማሩ ሰው ናቸው፣ በኋላም ከሥቃይ ቅጣት ርቀዋል። በማሳቹሴትስ በሚገኝ አንድ ተቋም ግን የንዝረቱ ልማድ ቀጠለ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2020 መሣሪያውን ቢከለክልም በ2021 ፍርድ ቤት ክልከላውን ሻረው።

ወደ መልካሙ ነገር ልመለስ። በለንደን ሲቢል ኤልጋር የተባሉ መምህርት በ1962 በቤታቸው ምድር ቤት ጥቂት ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ፤ በ1965ም ወላጆች ያቋቋሙት ማኅበር በኢሊንግ ሰፈር ለእነዚህ ልጆች ብቻ የሆነ ትምህርት ቤት ከፍቶ እርሳቸውን ሾመ። መንገዳቸው ጥቂት ቃል፣ ግልጽ ምልክት፣ የማይዛባ ሥርዓት ነበር። በዚያው ዘመን በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ኤሪክ ሾፕለር፣ በቺካጎ ተምረው ሳለ የቤተልሃይምን ትምህርት ያልተቀበሉ ሰው፣ ወላጆችን ከከሳሽ ወንበር ፊት አንሥተው ከመምህሩ ጎን አስቀመጧቸው። በ1971 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ልጆቹ እንደ ልባቸው ከተለቀቁበት ክፍል ይልቅ ነገሩ ሁሉ በተደለደለበት ክፍል ውስጥ የበለጠ እንደሚረጋጉ አሳዩ፤ በሚቀጥለው ዓመትም የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሥራቸውን በሕግ አጽድቆ ቲች የተባለውን ድርጅት መሠረተ።

የቲች ክፍል እንዲህ ነው። ልጁ ሲገባ ከግድግዳው ላይ የዕለቱ ሥራ በሥዕል ተደርድሮ ያገኛል፤ መጀመሪያ ክበብ፣ ቀጥሎ ሥራ፣ ቀጥሎ ምሳ፣ ቀጥሎ ጨዋታ። አንዱ ሲፈጸም ሥዕሉን አንሥቶ ላለቀ ሥራ በተዘጋጀ ኪስ ይከታል። ሥራው ከግራ ሣጥን ይወጣል፣ ካለቀ በኋላ በቀኝ ሣጥን ይገባል፤ የግራው ባዶ ሲሆን ማለቁን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። አንድ ነገር የሚለወጥ ከሆነ ሥዕሉ አስቀድሞ ይለወጣል። ገዳም የኖረ ሰው ይህን ሲያይ እንግዳ አይሆንበትም፤ ደወል ለነግህ፣ ደወል ለሠለስት፣ ደወል ለሠርክ እንደሚመታ፣ መነኵሴውም ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በማወቁ ልቡናው እንደሚያርፍ፣ እንዲሁ ነው። ለዚህ ልጅ ያልታወቀ ቀጣይ ነገር ታላቁ ፍርሃቱ ነውና፣ ከሁከቱ ከፊሉ በካርቶንና በሙጫ ይበርዳል።

የቀረውን ምሥጢር የፈቱት ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ በ1985 ባወጡት ጥናት ነው። አራት ልጆችን ወስደው ሁከታቸው መቼ እንደሚነሣ ጠብቀው አዩ። አንዳንዱ ሥራው ሲከብደው ይታወካል፤ አንዳንዱ ደግሞ የመምህሩ ዓይን ከእርሱ ላይ ሲነሣ። እንግዲህ የመጀመሪያውን ቢቀጡት፣ ለምሳሌ ከክፍል ቢያስወጡት፣ ከከበደው ሥራ ማምለጫ ሰጡት እንጂ አልቀጡትም፤ ነገም ይደግመዋል። ካርና ዱራንድ ልጆቹን ቃል አስተማሯቸው፤ ሥራ የሚከብደው ልጅ «አልገባኝም» ማለትን፣ ዐይን የሚፈልገው «መልካም እየሠራሁ ነው?» ማለትን ተማሩ። ሁከቱም ቀነሰ። ሆኖም ቃሉ ከምክንያቱ ጋር ካልተገጣጠመ፣ ሥራ የከበደውን ልጅ ምስጋና መጠየቅ ቢያስተምሩት፣ ፋይዳ አላገኙበትም። ቪክቶር ከምድጃው ፍም የረጨበትን ሰዓት ላነበበ ሰው ይህ ጥናት ልብ ይነካል፤ ለዚያ ልጅ የጐደለችው አንዲት ቃል ነበረች፣ «ከብዶኛል» የምትል።

ስለ ስሜት ሕዋሳት ደግሞ ብዙ ያስተማሩን ባለቤቶቹ፣ ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች፣ ናቸው። ቴምፕል ግራንዲን፣ በኋላ በእንስሳት አያያዝ ጥናት የታወቁት፣ ወጣት ሳሉ በአሪዞና በአክስታቸው እርሻ፣ ከብት ለክትባት በግራና በቀኝ በእንጨት ጎን ሲጨመቅ እንደሚረጋጋ አስተውለው ለራሳቸው እንዲህ ያለ መጭመቂያ ሠሩ፤ ሰው ሲያቅፋቸው የሚያስጨንቃቸው ልጅ፣ ልኩን ራሳቸው በሚወስኑት ጭመቃ ውስጥ ዕረፍት አገኙ። የሥነ ልቡና ሐኪሞች ነገሩ ነውር መስሏቸው ሊነጥቋቸው ፈለጉ። የሳይንስ መምህራቸው ግን ለምን እንደሚያረጋጋ ራስሽ መርምሪ አሏቸው፤ ከዚያ ምርመራ አንዲት ሊቅ ተገኘች። በሎስ አንጀለስ ጂን አይርስ በ1972 ስለ ስሜት ሕዋሳት መቀናጀት ያወጡት መጽሐፍም የከባድ ጨርቅን፣ የመወዛወዣን፣ የጸጥታ ማዕዘንን ልማድ በየትምህርት ቤቱ አስገባ። ከእነዚህ ዕቃዎች አንዳንዶቹ በሚዛን ሲፈተኑ እንደ ተወራላቸው ሆነው አልተገኙም፤ በ2014 በእንግሊዝ የተፈተነው ከባድ ብርድ ልብስ የልጆቹን እንቅልፍ አላሻሻለም፣ ልጆቹና ወላጆቻቸው ግን ወደዱት። እኔ ከዕቃው ይልቅ ጥያቄውን አከብራለሁ፤ ልጁን ያወከው ይህ የሚንጫጫ መብራት ወይስ የጎረቤቱ ሽቱ ወይስ የአንገትጌው ስፌት ይሆን ብሎ መምህር ክፍሉን በልጁ ቆዳ መመርመር ጀመረ።

በአሜሪካ ሕግ አካል ጉዳተኛ ልጆች ሁሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲማሩ በ1975 ሲታዘዝ፣ በ1990ም ኦቲዝም በስሙ ሲጻፍ፣ ይህ ሁሉ ጥበብ ከጥቂት ልዩ ቤቶች ወጥቶ ወደ ተራው መምህር ክፍል መጣ፤ መምህሩ ግን አልተዘጋጀም ነበር። የታወከውን ልጅ በደረቱ አስተኝቶ መጫን፣ በጓዳ ውስጥ መቆለፍ በብዙ ቦታ ልማድ ሆነ። በ2009 የአሜሪካ ምክር ቤት የሒሳብና የቁጥጥር መሥሪያ ቤት ባቀረበው ዘገባ እንዲህ ባለ አያያዝ የሞቱ ልጆች ሳይቀር ተዘርዝረው ተገኙ። በዚህ መካከል በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ጄፍ ኮልቪንና ጆርጅ ሱጋይ ሁከትን በሰባት ደረጃ ከፍለው፣ ከጸጥታው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዕረፍት፣ ለመምህራን ማስተማር ጀመሩ። ከትምህርታቸው ውስጥ በክፍል የሠራ ሰው ሁሉ የሚያረጋግጠው ይህ ነው፤ ሁከቱ ጫፍ በደረሰ ጊዜ ልጁ ትምህርት አይሰማም፣ ምክር አይሰማም፣ ማስፈራራትም አይሰማም። በዚያ ሰዓት የመምህር ሥራ ሌሎቹን ልጆች ማራቅ፣ የሚሰበረውን ማንሣት፣ መብራቱን መቀነስ፣ ጎን ለጎን ሆኖ ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ሁለት ቃል ብቻ መናገር፣ ከዚያም ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ሁከቱ በረደ ሲባልም ወዲያው ለምን አደረግህ ብሎ መጠየቅ እሳቱን እንደገና ይጭረዋል፤ ልጁ ያኔ ደክሟል፣ ብዙ ጊዜም አፍሯል።

በሀገራችን ኦቲዝም የሚለው ስም ከመሰማቱ በፊትም ልጆቹ ነበሩ። ቤተ ሰብ እንደ እምነቱ ወደ ጸበል ይወስዳቸው ነበር፣ አሁንም ይወስዳል። ጸበልን ለመንቀፍ ብዕር አላነሣም፤ በጸበል የተጽናናች እናት መጽናናቷ እውነት ነው። ነገር ግን ውኃ ሲነካው እንደ እሳት የሚያቃጥለው ልጅ በማለዳ ብርድ ቀዝቃዛ ውኃ በድንገት በራሱ ላይ ሲፈስስበት እንዴት እንደሚጮኽ፣ ያም ጩኸት የርኩስ መንፈስ ጩኸት ተብሎ ስንት ጊዜ እንደ ተተረጐመ ማሰብ ይገባል። በቤትም እግራቸው የሚታሰር ልጆች ነበሩ፤ ከአሳሪዎቹ ብዙዎቹ ክፉዎች ሳይሆኑ፣ ልጁ ሮጦ ከመኪና ሥር እንዳይገባ የፈሩ፣ ለዕለት እንጀራ ከቤት የሚወጡ፣ የሚተካቸው የሌላቸው እናቶች ናቸው።

ከአሜሪካ ተመልሰው በአዲስ አበባ የውበት ትምህርት ቤት ከፍተው የነበሩት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ልጃቸው በየትምህርት ቤቱ ተቀባይ ሲያጣ፣ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በየአደባባዩ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እየቀረቡ የተደበቁት ልጆች እንዲወጡ ተከራከሩ፤ የእናቲቱ እርግማን ነው የሚለውንም ወሬ በግልጽ ተቃወሙ፤ የቤተልሃይምን ትምህርት የሚመስል ነገር በእኛም ዘንድ በሌላ ልብስ ነበረና። አቡጊዳ ፎኔቲክስ ያሉት የማስተማሪያ ዘዴያቸው፣ የፊደላችንን ድምፅ ተራ በተራ እየያዘ አንደበቱ የተያዘ ልጅ እንዲናገርና እንዲያነብ የታሰበ ነው። ካርና ዱራንድ በጥናት የደረሱበትን እርሳቸው በእናትነት ሳይደርሱበት አልቀሩም፤ ቃል ያገኘ ልጅ የሚመታበት ምክንያት ይቀንሳል። ወይዘሮ ዘሚ በ2021 ዐረፉ። ወላጆች ያቋቋሙት ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በአዲስ አበባ በዚያው ሥራ ላይ ይገኛል።

በሥዕል የሚደረደረውን የዕለት ሥራ ለማዘጋጀት ካርቶን፣ መቀስና እርሳስ ይበቃሉ፤ የጸጥታ ማዕዘንም በመጋረጃ ይሠራል። ሁከቱ ጫፍ በደረሰ ሰዓት ሌሎቹን ልጆች ወደ ውጭ የሚያወጣ ሁለተኛ ሰው ግን በካርቶን አይሠራም። ብዙ ተማሪ በአንድ ክፍል፣ ብዙውን ተማሪ በአንድ መምህር የሚያስተምር ትምህርት ቤት፣ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ሲቀበል መጀመሪያ ሊቀጥረው የሚገባ ይህንኑ ሁለተኛ ሰው፣ እንደ ወይዘሮ ጌራን ያለውን፣ ነው፤ ደመወዙም ከመጽሐፍና ከዕቃ በጀት በፊት ይታሰብ።